ድንጋዩ እስኪያልቅ

ይህን ስጽፍ እንድታምኑኝ ብዬ አልለፋም። ሰው ማሳመን ይደክማል፤ እኔ ደግሞ ድካም ሞልቶኛል። ግን የሰማሁት ወሬ አይደለም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ሰዓቱ ሁልጊዜ ያው ነው... ከምሽቱ ሁለት ሰዓት።

ቦታው ጉና፣ አባቴ ድንች የሚጠብቁበት ማማ ላይ።

ማሬ እባላለሁ። ኩዌት ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርቼ ወገቤን እዚያው ትቼው ነው የመጣሁት። አሁን ደብረ ታቦር ገበያው አጠገብ፣ የእጅ ባትሪና ሬዲዮ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሬያለሁ። ባለቤቱ አለምነው ይባላል። አፉ አያርፍም፤ ልቡ ግን ደህና ነው።

አባቴ አቶ ይርጋ ጉና ላይ ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። እናቴ እኔ ኩዌት ሳለሁ አረፈች። ልቅሶዋን በስልክ ነው የተቀመጥኩት። ስመለስ የነበረኝ ሐሳብ አንድ ብቻ ነው፤ አባቴን ወደ ከተማ ማውረድ። ሳላቸው ጸንቶባቸዋል፤ የዚያ አገር ውርጭ ደግሞ ለሽማግሌ አያዝንም። እሳቸውንም ሳልቀብር እንዳልቀር ፈራሁ።

እሽ ብለው አያውቁም።

"ድንቹን ለጃርት ትቼ የት ልሂድ?" ይላሉ።

የያዛቸው ግን ድንቹ አልነበረም።

ከእኛ ማሳ ፊት ለፊት ገደል አለ። ከገደሉ ማዶ ደግሞ የአያ ባዩ ማሳና ማማ ነበር። አያ ባዩ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ናቸው። ግራኝ ስለነበሩ ዱላቸውንም ባትሪያቸውንም የሚይዙት በግራ እጃቸው ነው። ልጅ ሆኜ እንደ እሳቸው ዱላ በግራዬ ይዤ ስንቴ ተስቆብኛል።

ሁለቱ ሰዎች ስንት ዓመት ሙሉ ወዲህና ወዲያ ማዶ ሆነው ሰብል ጠበቁ። ቢጣሩ ድምፁን ነፋስ ይወስደዋል። ስለዚህ የሚነጋገሩት በብርሃን ነው፤ ድሮ በችቦ፣ ኋላ በባትሪ።

አንድ ጊዜ ብልጭ ካለ... "አለሁ፣ እንዴት አመሸህ?"

ሁለት ጊዜ... "ጃርት ገብቷል፣ ንቃ።"

ሦስት ጊዜ... "ድረስልኝ።"

ለአንድ በአንድ ይመለሳል፤ ለሁለት በሁለት። ለሦስት ግን በብርሃን አይመለስም። ተነስተህ በእግርህ ትሄዳለህ። በእኛ አገር ይህን የማያውቅ ሰብል ጠባቂ የለም።

በ2009 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አያ ባዩ ሞቱ። ጠዋት ገደሉ ውስጥ ነው የተገኙት። ወደ እኛ ሲመጡ ነበር። ባትሪያቸው ግራ እጃቸው ውስጥ ነበረች።

አባቴ ለለቀስተኛው ሁሉ አንድ ነገር ተናገሩ።

"ሦስት ጊዜ ጠራኝ። መንገዱን ላበራለት ብል ባትሪዬ አልደርስ አለች። እኔ ስወርድ አልፏል።"

ለምን እንደጠሩ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ያችን የአባቴን ባትሪ ደግሞ የገዛሁላቸው እኔ ነኝ።

ሱቃችን ውስጥ ግድግዳ ላይ እያበራሁ ነው የመረጥኳት። ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ ቀን አስመሰለችው። በሦስት ባትሪ ድንጋይ የምትሠራ፣ ሰፊ አፍ ያላት ቢጫ ባትሪ። "እንዲህ ያለ ብርሃን!" ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር የላክሁት።

ከቀብሩ በኋላ አለምነውን ጠየቅሁት።

"ባትሪ በግድግዳ አይመረጥም፣ ማሬ" አለኝ። "ቅርቡን አስፍቶ የሚያበራ ሌላ፣ ሩቅ የሚወረውር ሌላ። ያች ሌሊት ደጅ ወጥቶ መግቢያ ናት።"

"ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከኝም?"

"ለገደል ነው መቼ አልሽኝ?"

ዓመት ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ሰው በእኔ ምርጫ ሞተ እያልኩ።

በዓመቱ፣ ጥቅምት ላይ አባቴ ደወሉ።

"ልጀ... ሩቅ የሚደርስ ባትሪ አምጭልኝ። ማዶ የሚደርስ።"

"አባየ፣ ማዶ ማን አለ?"

ሳላቸው ብቻ ይሰማኛል።

"አንች ብቻ አምጭልኝ" አሉና ዘጉት።

በዚህ ጊዜ አልተሳሳትኩም። ማታ ሱቁን ዘግተን ከአለምነው ጋር ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ሜዳ ላይ አራት ዓይነት ሞከርን። ካርቶኑ ላይ "ሁለት ሺ ሜትር" የተጻፈበት ነበር። ሩቅ ያለውን የባህር ዛፍ እንኳ አላሳየንም።

"ወረቀት ምን አለበት፣ ሁሉን ይችላል" አለ አለምነው።

የመረጥነው ትንሽ አምፑል ያለውን ነው። አምፑሉ ከውስጥ እንደ ስኒ ጠልቆ የሚያብረቀርቅ ቦታ ላይ ተቀምጧል። ብርሃኑ አይሰፋም፤ እንደ ገመድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በሶላር ይሞላል።

"ዋናው ነገር ይኸውልሽ" አለና የባትሪውን ጭንቅላት በእጁ አዙሮ ፈታው። "ነገ ጠንካራ ሲመጣ ይችን ብቻ ትቀይሪያለሽ። እጀታው ያው ነው። እያደር ሩቅ ይሄድልሻል።"

ቅዳሜ ግማሹን መንገድ በሚኒባስ፣ ቀሪውን በእግሬ ወጣሁ። ወገቤ አለቀ።

ሁለት ሰዓት ላይ ማማው ላይ ተቀምጠናል። ብርድ ልብስ ደርበናል። ጨረቃ የለም።

አባቴ አዲሱን ባትሪ አንድ ጊዜ ብልጭ አደረጉት። ብርሃኑ ሄደ... ሄደ... ገደሉ መሀል ደርሶ ጠፋ። ማዶ አልደረሰም።

"ጠንካራውን እስክናገኝ..." ብዬ ሳልጨርስ ማዶ ላይ አንድ ጊዜ ብልጭ አለ።

በአያ ባዩ ማማ ላይ።

"ልጃቸው ነው?" አልኩ በሹክሹክታ።

"ልጁ መተማ ከሄደ ሁለት ዓመቱ።"

"ታዲያ ማነው?"

"ከመስከረም ጀምሮ ያበራል" አሉ። "በያችኛዋ ስመልስለት አያየኝም ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሲያበራ ያድራል። ዛሬ ገና አየኝ።"

"አባየ... ማነው?"

"ሰላም ላለ ሰው ይመለስለታል። ሌላውን ምን አስጠየቀሽ?"

በነጋታው ወደ ከተማ ተመለስኩ። የጎረምሳ ጨዋታ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሲደክማችሁ ራሳችሁን ማሳመን ይቀላል።

ኅዳር ላይ ጠንካራው ጭንቅላት መጣ። አባቴ በዚያው ቀን ደወሉ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም።

"መጣ አይደል?"

አልመጣም ማለት እችል ነበር። ግን የሰው ነፍስ ዕዳ አለብኝ ብዬ አስቤያለሁ። ደግሞ በስልኩ ከሳላቸው ጋር ደም የሚተፉ ይመስለኛል። ይችን ልስጣቸውና በዚያው ይዣቸው እወርዳለሁ ብዬ ወጣሁ።

ያን ማታ አሮጌውን ጭንቅላት ፈትቼ አዲሱን አጠበቅሁት። ሁለት ሰዓት ሲሆን አበራሁ።

ብርሃኑ ገደሉን ተሻገረ።

የአያ ባዩን ማማ አየሁት... ወድቋል። ክዳኑ መሬት ላይ ተኝቷል። ማሳው ጦም አድሯል፤ አረም ወርሶታል። ማንም የለም።

"ይኸው!" አልኩ። "አየህ... አዩ አባየ? ማንም የለም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የያዝነው።"

"ዝቅ አድርጊው" አሉ።

"ምን?"

"ዝቅ..."

ባትሪውን ዝቅ አደረግሁት። ገደሉ መሀል አንድ ጊዜ ብልጭ አለ።

ቦታውን አወቅሁት። ባለፈው ወር ብርሃናችን የቆመበት ቦታ ነው። እዚያ መንገድ የለም። ፍየል እንኳ አይቆምበትም። ግን ብርሃናችን እስከዚያ ስለደረሰ እሱም እስከዚያ መጥቷል።

ቶሎ ብዬ ባትሪውን አጠፋሁት።

"ምን ሆንሽ?" አሉ አባቴ። ፈገግ ብለው ነበር። ከእናቴ ሞት ወዲህ ፈገግ ሲሉ አላየሁም። "መንገድ አገኘ እኮ።"

"እንሂድ አባየ። አሁኑኑ ወደ ቤት፣ ነገ ወደ ከተማ። በእናቴ አጥንት ይዤዎታለሁ።"

"እሱን ገደል ውስጥ ትቸው?"

"የሞተ ሰው ነው!"

"እኮ" አሉ።

በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ለመንኳቸው። እግራቸው ላይ ወድቄ አለቀስኩ። በመጨረሻ "አንድ ማታ ብቻ ታገሽኝ፤ ነገ ይዘሽኝ ትወርጃለሽ" አሉኝ። አመንኳቸው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ።

ሁለት ሰዓት ሆነ። ነፋስ የለም። የጃርት ኮሽታ የለም።

እኔ አላበራሁም። ባትሪውን ጭኔ ስር ደብቄዋለሁ።

ከማሳችን ጫፍ፣ ከገደሉ አፍ ላይ ብልጭ አለ። በእኛ በኩል ነው... ከማማው ቁልቁል መቶ እርምጃ ቢሆን ነው።

አንድ።

ሁለት።

ሦስት።

አባቴ ብርድ ልብሳቸውን ከላያቸው ላይ ገፈፉት።

"የት ሊሄዱ ነው?"

"አይተሻል እኮ ልጀ። ለሦስት በብርሃን አይመለስም።"

"አባየ በማርያም!" ክንዳቸውን ያዝኩ። "የእኔ ጥፋት ነው፣ የእርስዎ አይደለም። መጥፎ ባትሪ የላክሁት እኔ ነኝ። እርስዎ ሞክረዋል።"

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

"አላበራኋትም።"

"ምን?"

"ያን ሌሊት። አልደረሰችም ያልሁት ውሸት ነው። ጭራሽ አላበራኋትም። ከዚህ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ እያየሁት ነበር... ሦስት... ደግሞ ሦስት... ደግሞ ሦስት። ብርድ ነበር። ደክሞኝ ነበር። 'ተወው፣ ድንጋዩ ሲያልቅ ይተዋል' አልሁ ለራሴ። ተኛሁ።"

ክንዳቸውን አጥብቄ እንደያዝኩ ነኝ።

"ለማንም አልተናገርሁም። ለአንች ብቻ ነው።"

እውነቱን ልናገር፣ ተናደድኩ። ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ያጣሁት በምን ሆነና! ክንዳቸውን ለቀቅሁት። አንዲት ቅጽበት ብቻ ነው የለቀቅሁት፤ እሳቸው ግን መሰላሉ ላይ ነበሩ።

ዱላቸውን በቀኝ፣ ያችን ቢጫ ባትሪ በግራ ይዘው ወረዱ።

"ያንችን አብሪልኝ" አሉ ከታች። "መመለሻው እንዳይጠፋኝ።"

እንግዲህ ፍረዱኝ። ባላበራ አባቴ ገደል ሊገቡ ነው። ባበራ ያ ነገር መንገድ ሊያገኝ ነው።

አበራሁ።

የአባቴን ጀርባ አየሁት። በድንቹ መሀል ቀስ ብለው እየሄዱ ነው፤ ይስላሉ። ቢጫዋ ባትሪ እግራቸው ስር ያለውን ብቻ ታበራለች። ገደሉ አፍ ላይ ሌላው ብርሃን ሳይነቃነቅ ይጠብቃል።

ሁለቱ ብርሃኖች ተገናኙ።

ሳሉ ቆመ።

ከዚያ ሁለቱም ብርሃን ጠፋ።

"አባየ!"

ከማማው አጎንብሼ ደግሜ ጮህኩ።

"አባየ! ኧረ የአምላክ ያለህ!"

ባትሪዬን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ከዚያ በብርሃኔ ውስጥ አንድ ሰው ወደ ማማው ሲመጣ አየሁ። የአባቴ ነጠላ ነው። የአባቴ ፊት ነው። እጃቸው ላይ ባትሪ የለም።

መሰላሉ ስር ደርሰው ቆሙ።

"ማን ነበር?" አልኩ።

"ማንም የለም ልጀ።"

"ባትሪውስ?"

"ወደቀ።" መሰላሉን ያዙልኝ። "ነይ ውረጅ። ወደ ከተማ እንሂድ።"

ሦስት ዓመት የለመንኩትን ነገር በአንድ ቃል እሽ አሉኝ። ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። ደክሞኝ ነበር፤ ሌላ ጥያቄ አልጠየቅሁም። ጎህ ሲቀድ በር ቆልፈን ወረድን። ገደሉ በኩል ዞሬ አላየሁም።

ዱላውን በግራ እጃቸው እንደያዙ ያየሁት ሚኒባሱ ውስጥ ነው።

ቀኛቸውን ብርድ ይዞት ይሆናል አልኩ።

ይኸው እዚህ ደብረ ታቦር አብረን መኖር ከጀመርን ቆየን። ከዚያ ሌሊት ወዲህ አንድ ቀን ስለው አያውቁም። ሐኪም "ሳንባቸው ንጹሕ ነው" አለኝ። ጎረቤት "ይርጋ እንዴት ያለ ሰው ነው፣ ከራሱ ጋር ታርቆ የመጣ ይመስላል" ይላል። እናቴን ግን በስሟ ጠርተዋት አያውቁም። ፎቶዋን ሳሳያቸው ለረጅም ጊዜ አይተው "ደግ ሴት ነበረች፤ እቤቷ ሄጄ ሳልበላ አልተመለስሁም" አሉኝ።

አርጅተዋል፣ ይረሳሉ እላለሁ።

የተከራየሁት ቤት መስኮት ወደ ጉና ያያል። ከጥር ወዲህ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ ተራራው ጥግ ላይ ቢጫ ብርሃን ይታየኛል። ሰፊ ነው፣ ደካማ ነው። የማን ባትሪ እንደሆነ አውቃለሁ። ግድግዳ ላይ አብርቼ የመረጥኳት እኔ ነኝ። ያኔ ድንች ማሳውን የማታሻግር ባትሪ ዛሬ እኔ ጋ ትደርሳለች።

"ከጉና እስከዚህ የሚታይ የእጅ ባትሪ አለ?" አልኩት አለምነውን።

"እሱ ሲሠራ መጀመሪያ ለእኔ ይነግሩኛል" ብሎ ሳቀ። ከዚያ መሳቢያውን ከፈተ። "ይልቅ ካስታወስሽው፣ ከሁሉም የሚበልጠው ጭንቅላት መጥቷል። ሲገጠም ተራራውን ያሳይሻል።"

ይዤው ገባሁ። ካርቶኑን አልከፈትኩም። ብገጥመው ማን እንደሚያበራ አያለሁ።

ትናንት ማታ መስኮቱ ላይ ቆሜ ነበር። ሦስት ጊዜ ብልጭ አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሦስት። ሕጉን አውቃለሁ። ጫማዬን እንኳ አነሳሁ። ግን ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የዋልኩት፤ ወገቤ እሳት ሆኗል፤ ውጭው ብርድ ነው፤ መኪናም የለም። ነገ፣ አልኩ። ከጥር ጀምሮ ነገ እያልኩ ነው።

ከኋላዬ፣ ከጨለማው ጥግ፣ አልጋቸው ላይ ሆነው ተናገሩ። ድምፁ የአባቴ ነው። ቃሉን አባቴ ለሰው የተናገሩት አንድ ጊዜ፣ ማማው ላይ፣ ለእኔ ብቻ ነው። ከእኔ ሌላ ቢያውቀው ያን ሌሊት ማዶ ሆኖ ሲጠራቸው የነበረው ብቻ ነው።

"ተይው ልጀ... ድንጋዩ ሲያልቅ ይተዋል።"

ጫማዬን አስቀመጥኩ። መጋረጃውን ዘጋሁና ተኛሁ።

መጋረጃው ስስ ነው።

አንድ...

ሁለት...

ሦስት።